ቀላል ተሳቢ ስንጎትት ኦቨርድራይቭን መቼ እንተወው፣ መቼ እናጥፋው?

በሰመር ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ሲጮኽ ብዙ ጊዜ ጥያቄው አንድ ነው። አንድ ወዳጄ ዕቃ ሊያጓጉዝ ተሳቢ ተከራይቷል። ፒክአፑ ላይ አስሮታል። ሊነሳ ሲል እጁ ማርሹ ላይ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ላይ ያርፋል። «ኦቨርድራይቩን ላጥፋው ወይስ ልተወው?» ይለኛል። ኦቨርድራይቭ ማለት ሀይዌይ ላይ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እንዲሄድ የሚያደርገው የላይኛው ማርሽ ነው።

ከሰው የሚሰማው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ተሳቢ ካለ ኦቨርድራይቭ በጭራሽ! ካምቢዮህን ይበላዋል» ይለዋል። ሌላው «ምን አለባት፣ ቀላል ናት፤ እንዳለች ተዋት» ይለዋል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። መኪናው ኦቨርድራይቭን ይዞ ረጋ ብሎ መሄድ ከቻለ ይተዉት። አንዴ እየያዘ አንዴ እየለቀቀ መዋለል ከጀመረ ያጥፉት። ቀሪው ሥራ መዋለሉን መስማትና ከመጀመሩ በፊት መድረስ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው። የጓደኛዬን ዕቃ ጭኜ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ወደ ግራንድ ጀንክሽን እየሄድኩ ነበር። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሮኪ ተራሮችን ያቋርጣል። ተሳቢው ትንሽ ነው፣ የያዘውም ሶፋና አልጋ ነው ብዬ ምንም ሳልነካ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ካምቢዮው 4ኛ ገባ፣ 3ኛ ወረደ፣ ተመልሶ 4ኛ ገባ። ከግማሽ ሰዓት በላይ እንዲህ ሲል ልብ አላልኩትም። ጫፉ ላይ ስደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። በሳምንቱ መካኒኩ የዘይት መለኪያውን ስቦ አሳየኝ። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ቡና መስሏል። ካምቢዮው ተፈቶ መታደስ ነበረበት።

ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጽፈው ያ ወጪ በማንም ላይ እንዳይደርስ ከልቤ ስለምፈልግ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው

በድሮው ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ላይ 3ኛው ማርሽ ቀጥታ ነው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮ የሚወጣው ዘንግም አንድ ጊዜ ይዞራል። 4ኛው ኦቨርድራይቭ ነው። እዚህ ላይ ዘንጉ ሞተሩን ይቀድመዋል። ለምሳሌ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፎርድ ኤፍ-150 ላይ የነበረው ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ ኦቨርድራይቩ 0.70 ነው። ሞተሩ 7 ጊዜ ሲዞር ዘንጉ 10 ጊዜ ይዞራል። በኦቨርድራይቭ በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ የሚሄድ ሞተር፣ በዚያው ፍጥነት በ3ኛ ማርሽ ቢሄድ 2,850 ዙር ገደማ ይሆናል።

ዙሩ ሲቀንስ ነዳጅ ይቆጠባል፤ ጩኸቱም ይቀንሳል። ግን ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል። አገር ቤት በማንዋል መኪና የተማረ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ባለ 5 ማርሽ ሃይሉክስ ላይ 5ኛው ኦቨርድራይቭ ነው። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ በ5ኛ ልሂድ የሚል ሹፌር የለም። አሜሪካ መጥቶ አውቶማቲክ ሲነዳ ግን ያው ሰው ሁሉንም ለመኪናው ይተወዋል። መኪናው ፊት ለፊት ያለውን ዳገት አያይም። የሚያየው ሹፌሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጠላት እንምጣ፤ እሱም ሙቀት ነው። በአውቶማቲክ መኪና ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙት በቶርክ ኮንቨርተር ነው። ውስጡ በዘይት የተሞላ ነው። ከሞተሩ በኩል ያለው ክፍል ዘይቱን ይገፋዋል፤ ዘይቱ በተራው ከካምቢዮ በኩል ያለውን ክፍል ያዞረዋል። ሁለቱ እኩል ካልዞሩ ዘይቱ ይታሻል፤ ይሞቃል። ይህን ለመከላከል ውስጡ ቆላፊ ፍሪሲዮን አለ። መኪናው ረጋ ብሎ ሲሄድ ፍሪሲዮኑ ይይዝና ሁለቱን ክፍሎች አንድ ያደርጋቸዋል፤ መታሸቱ ይቆማል፣ ዘይቱም ይቀዘቅዛል።

መኪናው በ4ኛና በ3ኛ መሀል ሲዋልል ይህ ቆላፊ በየጊዜው ይለቃል። ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖችም በየቅያሪው ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ካምቢዮ የሚጎዳው ኦቨርድራይቭ ስለበራ ብቻ አይደለም። መኪናው መያዝ በማይችለው ማርሽ ላይ ደጋግሞ ሲሞክር ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ኦቨርድራይቭ ሲጠፋ 3ኛው ላይ ቆላፊው ይይዛል። ዙሩ ከፍ ይላል፣ ዘይቱ ግን ይቀዘቅዛል። የጮኸው ሞተር ሊያስፈራ ይችላል፤ ለካምቢዮው ግን እፎይታ ነው።

ከኛ ሰዎች ብዙዎቹ በአሜሪካ ትልልቅ ትራክ ስለሚነዱ አንድ ነገር ልጨምር። የትልቁ ትራክ ካምቢዮ በብዛት ማንዋል ነው፤ ወይም ኮምፒውተር ፍሪሲዮኑን የሚረግጥለት ማንዋል ነው። ቶርክ ኮንቨርተር የለውም። 18 ጎማ ለዓመታት የነዳ ሰው «ይቺማ መጫወቻ ናት» ብሎ ፒክአፕ ሲይዝ፣ ይህ የዘይት ሙቀት ነገር አዲስ ይሆንበታል። በጣም ጎበዝ ሹፌሮች ሲሳሳቱ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

1. የመኪናውን መጽሐፍ ይክፈቱ፣ ቁልፉን ያግኙ

የባለቤቱ መመሪያ ስለ መጎተት የሚናገርበት ክፍል አለው። «ሲጎትቱ ኦቨርድራይቭ አይጠቀሙ» የሚል ከሆነ ክርክሩ እዚያ ያበቃል። የመኪናው መጽሐፍ ከእኔም፣ ከጓደኛም፣ ከዩቲዩብም ይበልጣል። መጽሐፉ ከጠፋ አብዛኞቹ አምራቾች ድረ ገጻቸው ላይ በነጻ ያስቀምጡታል።

ቁልፉ የሚገኝበት ቦታ ይለያያል። ማርሹ መሪው ጎን በሆነባቸው የፎርድ ፒክአፖች በማርሽ መቀየሪያው ጫፍ ላይ ይገኛል። በቶዮታ ብዙ ጊዜ በማርሽ እጀታው ጎን፣ ለአውራ ጣት በሚመች ቦታ ነው። በድሮዎቹ ሼቭሮሌዎች ደግሞ የኦቨርድራይቭ ቁልፍ የለም። በክብ ውስጥ ያለው «ዲ» ኦቨርድራይቭን ይጨምራል፤ ማርሹን ወደ «3» ማውረድ ማለት ኦቨርድራይቭን ማጥፋት ማለት ነው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትባት ነገር መብራቷ ናት። ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው ጽሑፍ «ኦቨርድራይቭ ኦፍ» ነው የምትለው። መብራቷ ከበራ ኦቨርድራይቭ ጠፍቷል። መብራቷ ከሌለች ኦቨርድራይቭ አለ። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ሌላ ነገር ነው፤ ካምቢዮው ችግር እንዳለበት እየነገረዎት ነው። ያን ቀን ተሳቢ አይጎትቱ።

ሌላም አለ። በአንዳንድ መኪኖች ሞተሩን አጥፍተው ሲያስነሱ ኦቨርድራይቩ ራሱ ተመልሶ ይመጣል። በአንዳንዶቹ ደግሞ እንዳጠፉት ይቆያል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ቤት ደጃፍ ላይ አስነስተው አጥፍተው ይሞክሩት። ዳገቱ ግርጌ ካለ ማደያ ነዳጅ ቀድተው ሲወጡ ያጠፉት ኦቨርድራይቭ ተመልሶ እንዳይጠብቅዎት።

2. የሚጎትቱትን ይወቁ፤ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ቁመቱንም

እዚህ ቀላል ተሳቢ የምለው ከነጭነቱ 900 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም 2,000 ፓውንድ የማይበልጠውን ነው። ግምት ያሳስታል። መጻሕፍት፣ ጤፍና የብረት ድስት የሞላ ትንሽ ሳጥን ከአንድ ቤት ሶፋ ሁሉ ይከብዳል። ሀይዌይ ላይ ያሉ የትራክ ማደያዎች ሚዛን አላቸው፤ በጥቂት ዶላር ያስመዝናሉ።

ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻ ኳሱ ላይ ማረፍ አለበት። ለ900 ኪሎ ተሳቢ ይህ ከ90 እስከ 135 ኪሎ ነው። ከባዱን ዕቃ ከተሳቢው ጎማ ወደፊት ያድርጉት። ከኋላ ከተጫነ ተሳቢው ሀይዌይ ላይ እንደ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል። ያኔ ስለ ኦቨርድራይቭ ማሰብ ይቀራል። ከተወዛወዘብዎት ደንግጠው ፍሬን አይርገጡ፤ እግርዎን ከነዳጅ ላይ ቀስ ብለው ያንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ በራሱ ይውረድ።

አሁን ሰው የማያስበውን ልንገርዎት። ለኦቨርድራይቭ ከክብደቱ ይልቅ ነፋሱ ይብሳል። አንድ ጊዜ ሁለት ሞተር ሳይክል የጫነ ክፍት ተሳቢ ጎተትኩ፤ ኦቨርድራይቭ ያለ ምንም ችግር ያዘ። በሌላ ጊዜ ከዚያ የቀለለ፣ ግን ከፒክአፑ ጣሪያ በላይ የሚወጣ የተዘጋ ሳጥን ጎተትኩ። ሜዳ ላይ እንኳ መያዝ አቃተው። በሀይዌይ ፍጥነት ሞተሩ የሚታገለው በአብዛኛው ከአየር ጋር ነው። ያ ጠፍጣፋ ግንባር አየሩን እንደ ግድግዳ ይገፋዋል። ስለዚህ «ባዶ ነው» የሚለው ነገር ብቻውን አያሳምንዎት። ቆም ብለው ከፊት ለፊት ይዩት። ከፒክአፑ ጎንና አናት ምን ያህል ይወጣል?

3. ከመነሳትዎ በፊት የሚታዩ ነገሮች

የካምቢዮ ዘይት ከሁሉ ይቀድማል። መለኪያ ያለው መኪና ከሆነ በአብዛኛው የሚለካው መኪናው ሞቆ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። ጫፉን በነጭ ሶፍት ጠርገው ቀለሙን ይዩ፣ ያሽትቱትም። ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ጉዞው ይቅር፤ መጀመሪያ መካኒክ ይየው። አዳዲሶቹ መኪኖች ብዙዎቹ መለኪያ የላቸውም፤ ለእነሱ የአገልግሎት መዝገቡን ማየት ነው።

መጎተት የሚያዘወትሩ ከሆነ ተጨማሪ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ያስገጥሙ። ከራዲያተሩ ፊት የምትቀመጥ ትንሽ ራዲያተር ናት። ዋጋዋ ካምቢዮ ከማሳደስ ጋር አይወዳደርም። አንዳንድ ፒክአፖች ከፋብሪካው ከነማቀዝቀዣው ይመጣሉ፤ ጎንበስ ብለው በግሪሉ በኩል ይመልከቱ።

የቀረው ፈጣን ነው። የተሳቢውን ጎማ ነፋስ ጎኑ ላይ እስከተጻፈው ድረስ ይሙሉ። ሰንሰለቶቹን ከመጎተቻው ሥር በመስቀለኛ ያስሩ። የኳሱ መጠንና የተሳቢው አፍ አንድ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ስፖኪዮዎቹን ያስተካክሉ። መብራቱን አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ይይልዎት፤ ግራ ፍሬቻ፣ ቀኝ ፍሬቻ፣ ፍሬን። በባለ 4 ሽቦ ሶኬት ነጩ ሽቦ መሬት (ግራውንድ) ነው፤ መብራቶቹ ደብዘዝ ካሉ ወይም ከተምታቱ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው።

4. ከተማ ውስጥ አጥፍተው ይውጡ

ከቤት ሲነሱ ኦቨርድራይቩን ያጥፉት። በየመብራቱ እየቆሙ ሲሄዱ መኪናው በሰዓት 40 ማይል ላይ ኦቨርድራይቭ ይገባና ወዲያው ሊወርድ ይችላል። የማያስፈልግ ቅያሪ ነው። እስከ ሀይዌይ መግቢያ ድረስ እንደጠፋ ይቆይ። መግቢያው ላይም ፍጥነት የሚጨምሩት እንደጠፋ ነው።

5. ሜዳው ላይ ይፈትኑት

ሀይዌይ ገብተዋል። ፍጥነትዎ ከ60 እስከ 65 ማይል ነው። ይህ ከ97 እስከ 105 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ በላይ አልመክርም፤ ብዙ የተሳቢ ጎማዎችም ከ65 በላይ እንዲሮጡ አልተሠሩም። አሁን እግርዎን ከነዳጁ ትንሽ ያንሱና ኦቨርድራይቩን ያብሩ። መኪናው ቀየር ይላል፤ የዙር ሰዓቱ መርፌ ይወርዳል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ መርፌው ደግሞ ጥቂት መቶ ዙር ይወርዳል። ቅያሪ ይመስላል፣ ግን ቅያሪ አይደለም። የቶርክ ኮንቨርተሩ ቆላፊ የያዘው ያኔ ነው። እኔ የምጠብቀው ያችን ሁለተኛ መውረድ ነው። እሷ መጥታ ከቆየች ዘይቱ እየቀዘቀዘ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ሁለት ደቂቃ ይመልከቱ። ሙዚቃውን ይቀንሱ። መርፌው ባለበት ከቆየና እግርዎ ነዳጁን ከግማሽ በላይ ካልረገጠ ኦቨርድራይቩ ይቆይ። ነዳጅዎን ይቆጥቡ።

በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ወርዶ ከወጣ ያጥፉት። «ትንሽ ልየው» አይበሉ። ማርሹ ሳይወርድም ቆላፊው ብቻ የሚለቅበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሞተሩ በ200 ወይም በ300 ዙር ከፍ ይላል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ይህኛው ጸጥተኛ ስለሆነ ያሳስታል። ልክ እንደ ማርሽ መዋለሉ ይቁጠሩት።

ሜዳ ማለት ሁልጊዜ ቀላል ማለት አይደለም። ከዴንቨር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ካንሳስ የሚወስደው ኢንተርስቴት 70 እንደ ጠረጴዛ ነው። ግን ነፋስ አለው። ነፋሱ ፊት ለፊት ከመጣ በ60 ማይል መሄድ በ75 እንደመሄድ ይከብዳል። እንዲህ ያለ ቀን ሙሉውን መንገድ ኦቨርድራይቭ አጥፍቼ ሄጄ አውቃለሁ። ነዳጅ ጨምሯል፤ ካምቢዮው ግን ሰላም ነበር። ከሁሉ በፊት ግን ፍጥነት መቀነስን ይሞክሩ። 65 ላይ የሚዋልል መኪና 58 ላይ ኦቨርድራይቩን ጥርቅም አድርጎ ሊይዝ ይችላል።

ፍጥነትን በራሱ የሚጠብቀውን ክሩዝ ኮንትሮል ወጣ ገባ በሚል መንገድ ላይ ያጥፉት። ክሩዝ ለትንሿ ጉብታ ሁሉ ነዳጅ ይጨምራል፣ ማርሽ ያስወርዳል። የሰው እግር ግን ጉብታ ላይ ሁለት ሦስት ማይል ቢቀንስም ይታገሣል። ይህች ትዕግሥት ብቻዋን ብዙ ቅያሪ ታስቀራለች።

6. ዳገት፦ ግርጌው ላይ ያጥፉ፣ መሀሉን አይጠብቁ

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ዳገቱ ሲታይ፣ መኪናው ገና ሜዳ ላይ እያለ ቁልፏን ይጫኑ። ዙሩ ከፍ ይላል። በ65 ማይል 2,850 አካባቢ ሆነ እንበል፤ ለቤንዚን ሞተር ይህ ምንም አይደለም። በዚህ ዙር ዳገቱን ሲጀምሩ ጉልበቱ ዝግጁ ነው። ዳገቱ መሀል ላይ ደክሞት ከወረደ ግን ፍጥነት አጥቷል፤ ያጣውን ለመመለስ ነዳጁን ወለሉ ድረስ ይረግጡታል፤ ቆላፊው ይለቃል፤ ሙቀቱ ይነሳል። ልዩነቱ የግማሽ ደቂቃ መቅደም ነው።

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ስንሄድ የምናልፈው የአይዘንሃወር ዋሻ መግቢያው እስከ 3,400 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። ይህ ከእንጦጦ ጫፍም ይበልጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። እዚያ ሲደርስ ባሕር ወለል ላይ የነበረውን ጉልበት ሢሶ ያህል አጥቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ መኪና የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጂቡቲ ወርዶ የነዳ ደግሞ ልዩነቱን ሰምቶታል። ስለዚህ ዳላስ ወይም አትላንታ ያለ ወዳጅዎ «እኔ በኦቨርድራይቭ ነው የምጎትተው» ቢልዎት እውነቱን ነው። የእሱ መንገድ ሌላ ነው።

ቀጥታው ማርሽም ካቃተው ፍጥነት ይቀንሱና ወደ 2ኛ ይውረዱ። በቀኝ መስመር፣ ከትራኮቹ ኋላ፣ በ45 ማይል መውጣት ነውር አይደለም። 3,500 ዙር ላይ የሚጮኽ ሞተር አይፍሩ። ዘይትና ውሃው በደንብ ስለሚዞር ዝቅ ባለ ዙር ከሚያቃስተው ሞተር የተሻለ ሁኔታ ላይ ነው።

የካምቢዮ ሙቀት የሚያሳይ ሰዓት ካለዎት ዓይንዎ እሱ ላይ ይሁን። ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥሩ ነው። ወደ 110 ሲጠጋ ፍጥነት ይቀንሱ። 120 ከደረሰ ዳር ይያዙ። ሲቆሙ ሞተሩን ወዲያው አያጥፉ። ማርሹን «ፒ» ላይ አድርገው የእጅ ፍሬን ይያዙና ነዳጁን ጥቂት ረግጠው ሞተሩን 1,000 ዙር አካባቢ ያቆዩት። ዘይቱ በማቀዝቀዣው ውስጥ የሚዞረው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው።

7. ቁልቁለት፦ አሁንም እንደጠፋ ይሁን

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ብዙ ሰው «ተገላገልኩ» ብሎ ኦቨርድራይቩን ይመልሰዋል። አይመልሱት። በኦቨርድራይቭ ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተሩ መኪናውን የመያዝ ኃይሉ ትንሽ ነው። ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ቀላል ተሳቢ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ፍሬን የለውም፤ ከኋላ ይገፋዎታል። ከዋሻው ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው መንገድ ረጅም ነው፤ ፍሬናቸው ለከዳቸው ትራኮች የተሠሩ የጠጠር መውጫዎች ዳር ላይ አሉት። ለጌጥ አልተሠሩም።

ደንቡ አሮጌ ነው፤ አባቶቻችን ሹፌሮች አባይ በረሃ ላይ ሲሉት የኖሩት ነው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ፍጥነቱን ቀንሰው ማርሹን ያዘጋጁ። ሞተሩ ይያዝልዎት። ፍጥነቱ ሲያልፍ ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ይርገጡ፣ 5 ወይም 10 ማይል ይቀንሱ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። እግርን ፍሬን ላይ አሳርፎ መውረድ ፍሬኑን ያግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይይዝም። በኒውትራል ፈጽሞ አይውረዱ።

በበረዶ ወቅት አንድ ጥንቃቄ አለ። መንገዱ አንሸራታች ከሆነ ማርሽ በድንገት ማውረድ የኋላ ጎማዎችን ሊያንሸራትት ይችላል። ስለዚህ ኦቨርድራይቩን ደረቅ ቦታ ላይ፣ ፍጥነት ቀንሰው፣ ቀድመው ያጥፉት።

8. አዲስ መኪና ከሆነ

አዳዲሶቹ ፒክአፖች የመጎተቻ ሁነታ አላቸው፤ ብዙዎቹ ላይ ተሳቢ የጎተተ መኪና ሥዕል ያለበት ቁልፍ ነው። እሱን ሲጫኑ መኪናው ማርሽ ለመጨመር አይቸኩልም፣ የያዘውንም ቶሎ አይለቅም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲነኩ ማርሽ አውርዶ ሞተሩ እንዲይዝ ያደርጋል። ከላይ ያልኩትን አብዛኛውን በራሱ ይሠራዋል። ተሳቢ ካለ ያብሩት፣ ሲፈቱት ያጥፉት።

ሆኖም ባለ 10 ማርሽ ካምቢዮ አንድ ብቻ ሳይሆን ሦስት ኦቨርድራይቭ አለው። በፎርድና በሼቭሮሌ ባለ 10 ማርሾች ቀጥታው 7ኛው ነው። 8ኛው 0.85፣ 9ኛው 0.69፣ 10ኛው 0.64 ናቸው። ሳጥን ተሳቢ ይዞ በ9ኛና በ10ኛ መሀል ከዋለለ ሁሉንም ማጥፋት አያስፈልግም። ማርሹ ላይ ባለው የመቀነሻ ቁልፍ ላይኞቹን ሁለቱን ይዝጉና 8ኛው ላይ ያቁሙት። ብዙ ጊዜ 8ኛው ለቀላል ተሳቢ ልክ ነው፤ ዙሩም አይበዛ፣ ጉልበቱም አይጠፋ።

9. ማንዋል ከሆነ

አገር ቤት በባለ 5 ማርሽ ፒክአፕ ጀነሬተር ወይም የውሃ ፓምፕ በተሳቢ ለሚጎትቱ ነገሩ ይቀልላል። ቶርክ ኮንቨርተር የለም። ግን 5ኛው አሁንም ኦቨርድራይቭ ነው። በ4ኛው፣ ማለትም በቀጥታው፣ ጉልበቱ በዘንጉ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ የማርሽ ጥርሶቹ ሸክም አይሸከሙም። በ5ኛ ግን ጥርሶቹ ይሸከማሉ። ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች ሲጎትቱ 5ኛን አይጠቀሙ ይላሉ።

የእርስዎ ይህን ካላለ፣ በ5ኛ የሚሄዱት ሜዳ ላይ፣ ነዳጁን በትንሹ ሲነኩት መኪናው ወዲያው የሚመልስልዎት ከሆነ ነው። ሲረግጡት ከተንቀጠቀጠ፣ ካጉረመረመ፣ ፍጥነት ካልጨመረ ወደ 4ኛ ይመለሱ። በዝቅተኛ ዙር ሞተርን ማስጨነቅ ለፍሪሲዮኑም ለሞተሩም ጥሩ አይደለም።

10. ሲደርሱ

የመጀመሪያዎቹን 80 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ አንዴ ቆመው የተሳቢውን የጎማ ብሎኖችና ኳሱን ይፈትሹ። የእያንዳንዱን ጎማ ማዕከል ሙቀት በእጅዎ ጀርባ ጠጋ ብለው ይለኩት፤ አንደኛው ጎማ ከሌላው በጣም ከጋለ ኩሽኔታው እየሄደ ነው።

ቤት ሲደርሱ፣ ወይም በማግስቱ፣ የካምቢዮ ዘይቱን እንደገና ይዩት፣ ያሽትቱት። መጎተት በብዙ መመሪያዎች «ከባድ አጠቃቀም» ተብሎ ይቆጠራል፤ ዘይቱ ከተለመደው ቀደም ብሎ ይቀየራል። እኔ በየ30,000 ማይሉ እቀይራለሁ፤ የቀየርኩበትንም ቀንና ማይል በወረቀት ጽፌ ከኮፈኑ ውስጥ እለጥፋለሁ። ባለፈው ወር ወደ ግራንድ ጀንክሽን ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ የሚያህል ተሳቢ ይዤ ወጣሁ። ዳገቱ ግርጌ ላይ ቁልፏን ተጫንኩ። የካምቢዮ ሙቀት ሰዓቱ እስከ ዋሻው ድረስ ከ93 ዲግሪ አላለፈም። በማግስቱ መለኪያውን ሳወጣው ዘይቱ ቀይ ነበር።